የእትዬ መጥረጊያ ዘጠኝ ችካሎች

እትዬ መጥረጊያ የሚለውን ስም ያወጣላት ጎረቤቷ አናጢው ነው። ከሚሠራው ወንበር ይልቅ የሚያወጣው ስም ይጸናል ይሉታል፤ ይኼኛውም ይኸው ሠላሳ ዓመት ሳይወላልቅ አለ። ሴትዮዋ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ እግሯ ጫማ ሳያገኝ እጇ መጥረጊያ ያገኛል። ቤቱን ትጠርጋለች፤ ከዚያ ግቢውን፤ ግቢው ሲያልቅባት ከበሩ ውጭ ያለውን መንገድ እስከ አናጢው አጥር ድረስ ትጠርግለታለች። ቅጠል ከዛፍ ወርዶ መሬት ሳይነካ በመጥረጊያዋ ስትቀልበው በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ አናጢው ምሎ ያወራል። ውሸቱን ነው፤ ግን የማያምነው ሰው የለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ጓሮ ውስጥ ነው ያ ጉድ የገባው። ጉዱ ቦረቦር ነው። ከታች ከወንዙ ተነስቶ የጋራ ግጦሹን እየሰነጠቀ ሲመጣ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ደግሞ የድንች ማሳዋን ጫፍ ነከሰ። ያኔ ዶሮ ትዘለው ነበር። ባሏ በሕይወት ነበርና መጥቶ ቆሞ አየው። ድሮም ከሱ አፍ ቃል የሚወጣው በስንት ልመና ነው። ገብቶ አንድ ችካል ጠረበ፤ የዓመቱን ቁጥር በጋለ ብረት አተመበት፤ ጎርፍ እንዳይወስደው ከጉድጓዱ ዳር ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ፣ ልክ ቦረቦሩ ከደረሰበት አንጻር ቸከለው።

«ይኼ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አለችው።

«እንዳይዋሸን ነው» አላት። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በዓይናችን ብቻ ካየነው፣ አምናም እዚሁ ነበር እያልን እንኖራለን።»

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያበቃ አንድ ችካል ነው። አምስት ከቸከለ በኋላ ደረቴን አመመኝ አለ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሄደ። ስድስተኛውን እሷ ተከለችው። እያለቀሰች ስለጠረበችው ጠማማ ወጣ፤ ብረቱም እጇን ስላቃጠላት ቁጥሩ ተንጋደደ። ሰባተኛው ተሻለ። ዘጠነኛውን የተከለች ዕለት ከአምናው ችካል እስከ ዘንድሮው ስትለካ ሰባት እርምጃ ሆነ። ዞር ብላ ከዘንድሮው ችካል እስከ መኝታ ቤቷ ግድግዳ ለካች። ስምንት።

እዚያው አፈር ላይ ቁጭ አለች። ሰባትን ከስምንት ጋር ለማስተያየት የሂሳብ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። በሚመጣው ዝናብ ማሳው ያልቃል፤ ጎርፉ ትንሽ ከበረታ ደግሞ ቤቱ ይከተላል። ሁለቱ ልጆቿ ሩቅ ከተማ ናቸው፤ ነይ ከኛ ጋር ኑሪ ማለት ከሰለቻቸው ቆይቷል። አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቼ ምን ልጠርግ ነው ብላ ነው እምቢ ያለቻቸው። እውነተኛው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ባሏ ያቆመውን ቤት ጥላ የትም መሄድ አትፈልግም። ይኼን ለማንም አትናገርም፤ እኔም የነገርኳችሁ እንድታውቁት ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ሬዲዮው «አፈራቸው የሚሸረሸርባቸው ገበሬዎች ከመንግሥት ድጋፍ እንደሚያገኙ ተገለጸ» አለ። ተገለጸ አለ እንጂ የት፣ በማን፣ በየትኛው በር እንደሆነ ሳይገልጽ ወደ ስፖርት ሄደ። እትዬ መጥረጊያ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን ወልውላ፣ በአውቶቡስ ወደ ወረዳው ከተማ ወረደች።

መጀመሪያ የገባችው ግብርና ቢሮ ነው። «እኛ ዘርና ማዳበሪያ ነን» አሏት። «የእርስዎ ጉዳይ ጎርፍ አይደል? ውሃ ቢሮ ይሂዱ።» ውሃ ቢሮ ሄደች። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሲያዳምጣት ቆየና «ይኼ ቦረቦር በበጋ ውሃ አለው?» አላት። የለውም አለችው። «እንግዲያው የኛ አይደለም» አለ፤ በጣም አዝኖ ነው ያለው። በሳምንቱ ተመልሳ መንገድ ቢሮ ገባች፤ መንገድ ሲቆርጥ ይምጡ አሏት። ቤት እስኪቆርጥስ ማን ጋ ልጠብቅ ብላ ልትጠይቅ ነበር፤ ግን ያስተናገደቻት ልጅ ስልክ አነሳች። አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ደግሞ በሩ ላይ «ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ራሱ ፀሐይ መትቶት ቢጫ ሆኗል።

በአራተኛው ጉዞዋ ደክሟት ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፤ መስተዋቱ አቧራ ለብሶ ከኋላው ያለው ወረቀት አይታይም። ትንሽ ታገሰች። ከዚያ ግን አልቻለችም። የአንገት ልብሷን ጫፍ ምራቋን ነካ አድርጋበት ተነሳችና መስተዋቱን ትወለውለው ጀመር።

«እትዬ፣ ለጽዳት ነው የተቀጠሩት?» የሚል ድምፅ ሰማች።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ነው። ጡረታው የደረሰ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው። ስቆብኝ ነው ብላ ዞር ስትል አልሳቀም፤ እሷ የወለወለችውን መስተዋት አስግጎ እያየ ነው። ከመስተዋቱ ኋላ «የተቀናጀ የተፋሰስ ልማትና የተጎዱ መሬቶች ማገገሚያ ማዕቀፍ፣ ምዕራፍ ሁለት» የሚል ወረቀት ብቅ ብሏል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለችው።

«ምን ገጥሞዎት ነው የመጡት?»

ነገረችው። ከወንዙ ጀምራ እስከ ስምንቱ እርምጃ ነገረችው። እሱም መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበና «ይኼ ማለት እንግዲህ የእርስዎ ቦረቦር ማለት ነው» አላት። «ድንጋይ፣ የድንጋይ መያዣ የሽቦ ቅርጫት፣ የሚከትሩ ሠራተኞች፣ ችግኝ፣ ሁሉም አለው። ምዝገባው የሚዘጋው ነገ ነው።»

«ታዲያ ቦረቦር ያለው ይምጣ ተብሎ ለምን አልተጻፈም?»

«እንዲያ ቢጻፍማ ሰው ሁሉ ይመጣ ነበር» አለ የመዝገብ ቤቱ ሰው።

እግዜር ይስጠው፣ ክፍሉ አስገብቶ ቅጹን አብሯት ሞላ። አንዱን ቅጂ እሱ ያዘ፤ አንዱን ለሷ ሰጣት። «ሐሙስ ባለሙያዋ መጥታ መሬቱን ታያለች። የሚወሰነው እሷ ባየችው ነው። ከጀርባው ያለውንም ቤት ሲደርሱ ያንብቡት፤ መመሪያ ነው።»

ቤት ስትደርስ ምን አደረገች መሰላችሁ? ማህተም ያለበት የመንግሥት ወረቀት እንዳይጨማደድ ብላ በአራት አጥፋ፣ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሣጥን ውስጥ ከባሏ ፎቶግራፍ ሥር አስቀመጠችው። ጀርባውን አላገላበጠችም። ሌላ ሰው ቢሆን ጠረጴዛ ላይ ጥሎት፣ ሻይ ደፍቶበት፣ በድንገት እንኳ ያነበው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ጓሮ ወጥታ ቦረቦሩን በእንግዳ ዓይን አየችው። እስከ ዛሬ በራሷ ዓይን ነበር የምታየው። ሥሮቹ ተንጠልጥለዋል፤ ዳሩ ተንዷል፤ ከሥር የጎርፍ ጥራጊ፣ የተቀደደ ጆንያ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ነጠላ ጫማ አለ። ፊቷ ጋለ። ከመንግሥት የመጣች ሰው እዚህ ቆማ ይኼን ልታይ ነው። መሬቷን እንዲህ አበስብሳ ስታበቃ አሁን እርዱኝ ትላለች ልትባል ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ የምታውቀው ሕግ አንድ ነው፤ ሰው ልትለምን ስትሄድ ታጥባ ትሄዳለች፤ ለዝርክርክ ማንም አይሰጥም። መንግሥትስ ቢሆን ያን ያህል ድንጋይና ሽቦ ሲሰጥ አያያዟን አይቶ አይደል?

አናጢውን ጠራችው። ሰማትና ጢሙን አከከ።

«እትዬ፣ ልታሳዪ ነው ወይስ ልትደብቂ?»

«ላሳይ ነው። ግን እንደ ሰው ላሳይ።»

«ባይነካ አይሻልም?»

«አንተ እንግዳ ሲመጣብህ አልጋህን ሳታነጥፍ ነው የምታስገባው?»

አናጢው ያገባው አልጋ ለማንጠፍ ሰነፍ ስለሆነ ነው እየተባለ የሚታማ ሰው ስለሆነ እጅጌውን ጠቀለለ። አንዴ ሥራ ከተባለ ደግሞ አናጢ አናጢ ነው፤ ጉድጓድ ሲያይ ጣራ ይታየዋል። ከፈረሰ ትምህርት ቤት የገዛቸው አሥራ ሁለት አሮጌ በሮች ነበሩት። ማክሰኞና ረቡዕ ሁለቱም ወገባቸው እስኪቆረጥ ሠሩ። በማሳው ውስጥ ያለውን ቦረቦር ከዳር እስከ ዳር በግንድ ተሻገሩበት፤ በግንዶቹ ላይ በሮቹንና ያገኙትን ሣንቃ ሁሉ አነጠፉ፤ ከዚያ ገለባ፣ ከዚያ አፈር። ሰው እንዳይረግጠው ብላ ከላዩ ጎመን ተከለችበት። ታች፣ ከግጦሹ ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ የቅርንጫፍ አጥር አቆሙ። ዘጠኙ ችካሎች መሀል ላይ እንደ ጎደሎ ጥርስ ቆመው ታዩዋትና ነቀለቻቸው፤ አንድ በአንድ ጠረገቻቸው፤ በመቀነቷ አስራ አልጋዋ ሥር አስገባቻቸው። በመጨረሻም፣ ሌላ ምን ታደርጋለች፣ ሁሉንም ጠረገችው።

ረቡዕ ማታ አናጢው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሥራውን ሲያይ ቆየ። «ካላወቅኩት እኔም ድንች እተክልበት ነበር» አለ። ሙያው አኩርቶታል፤ ግን ደስ ያለው አይመስልም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ባለሙያዋ በሞተር ብስክሌት መጣች። ልጅ ናት፤ ፀሐይ ፊቷን አክስሎታል፤ ቦት ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። በሩ ላይ ቆማ ግቢውን አየችና የራሷን ጫማ አየች።

«እማማ፣ ጫማዬን ላውልቅ እንዴ?»

«ኧረ ግቢ የኔ ልጅ፣ ምን በወጣሽ» አለች እትዬ መጥረጊያ፤ ግን ጭቃው የት የት እንደተራገፈ በዓይኗ መዘገበች።

ባለሙያዋ ከቦርሳዋ ሜትርና ወረቀት አወጣች። አርባ አንድ ሰው አመልክቷል፤ ዘንድሮ የሚሠራው አሥር ቦታ ነው፤ ስለዚህ የባሰበትን እየመረጥኩ ነው አለች። ማሳውን ዞረች። «እንዴት ያለ ማሳ ነው» አለች፤ ከልቧ ነው። «ቦረቦሩስ የት ነው?»

«ያው... እታች ነው።»

ባለሙያዋ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ አየች። ግጦሹ ውስጥ ያለው አሮጌው ክፍል ቁጥቋጦ አብቅሎ፣ ዳሩ ተኝቶ፣ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ መሆኑ ያስታውቃል። ከአጥሩ እስከ ቤቱ ያለውን ሜዳ በዓይኗ ለካችና የወረቀቷ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመረች።

«ደስ ይበልዎት እማማ፣ መሬትዎ ደህና ነው። ያኛው የተረጋጋ ነው፤ እርስዎ ጋ አይደርስም። እንደርስዎ የሚይዝ ሰው ቢበዛማ እኔም ሥራ ባልኖረኝ።»

ወዮ የሰው ልብ። እትዬ መጥረጊያ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ መሬትሽ ደህና ነው ያላት ሰው የለም። ጉንጮቿ ሞቁ፤ ሻይ ላፍላልሽ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማችና ልቧ ስንጥቅ አለ። ያቺ ልጅ የምትጽፈው የቤቷን መፍረስ ነው። አናጢውን አየችው፤ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ይናገርልኛል ብላ ጠበቀች። አልተናገረም፤ የሷ ገበና ነዋ።

ባለሙያዋ ጽፋ ጨረሰችና ወደ ሞተሯ ለማቋረጥ ወደ ጎመኑ እግሯን አነሳች።

«ልጄ፣ እዚያ እንዳትረግጪ።»

«ይቅርታ፣ ጎመኑን አላየሁትም።»

«ለጎመኑ አይደለም» አለች እትዬ መጥረጊያ። «ከሥሩ በር ነው።»

«ምን ነው ከሥሩ?»

«በር። የትምህርት ቤት በር። ከበሩ ሥር ደግሞ ቦረቦሩ።»

ነገሩን ሁሉ ስትነግራት ባለሙያዋ ቁጭ አለች፤ የተቀመጠችው ድንጋይ ላይ ነው፤ ንጹሕ ድንጋይ። አልሳቀችም። ቅጹ የት እንዳለ ጠየቀች። እትዬ መጥረጊያ ከሣጥኑ አምጥታ ከጨርቁ ፈታችላት፤ ልጅቷ ገልብጣ ሰጠቻትና «እስቲ ያንብቡልኝ» አለቻት። በትናንሽ ፊደል «ባለሙያ መጥቶ እስኪያይ ድረስ ቦታው እንዳለ ይቆይ፤ ቀድሞ የተነካ ቦታ ላይ የሚቀርብ ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም» ይላል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል ሰው እንዲህ ሲያፍር። የእትዬ መጥረጊያ መሬት ለዚህ ዝግጁ ነበረች፤ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ አፏን በበር ተከድና ትጠብቃለች።

«ለምን እንዲህ እንደተባለ ልንገርዎት» አለች ባለሙያዋ። ተቆጥታለች፤ ግን ቁጣዋ ከድካም ጋር የተደባለቀ ነው። «ድጋፍ ለማግኘት ብሎ ራሱ ቆፍሮ ቦረቦር ነው የሚለኝ ሰው አለ። አሁን ይኼን ብትከፍቱት የማየው አዲስ አፈር ነው። አምና የተበላ ይሁን ባለፈው ሳምንት የተቆፈረ በምን ልለይ? ባምንዎት እንኳ፣ አመንኳት ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን እናቷ ስትለው ሰምታለች፤ ለሰው በሽታ ይመስላት ነበር። ከዚያ ባሏ ትዝ አላት፤ ፊቱ አይደለም፣ ያቺ አንዲት ቃሉ። እንዳይዋሸን ነው።

ወደ ቤት ገባች። አልጋዋ ሥር ተንበርክካ የታሰረውን እቅፍ ጎትታ ይዛው ወጣች።

«እኒህ ምንድን ናቸው?» አለች ባለሙያዋ።

«ባሌ ናቸው» አለች እትዬ መጥረጊያ፤ ከዚያ ስህተቷን ሰማችና «የባሌ ናቸው። አራቱ ግን የኔ» ብላ አረመች።

ማሳው ታችኛው ጫፍ ላይ ወርዳ ተንበረከከች። የተጠረገውን አፈር በጣቶቿ ዳበሰችው፤ ትንሽ ሄዳ ጣቷ ገባ። የመጀመሪያውን ችካል አስገባችው፤ ሳይመታ ቦታው ገባ። «ይኼ ዶሮ ትዘለው የነበረ ጊዜ ነው» አለች። ተነስታ ግማሽ እርምጃ ሄደች። «ይኼ ሁለተኛው።» ከዚያ አንድ እርምጃ። «በዚህ ዓመት ትልቋን ልጄን ዳርን። ለእንግዶቹ ድንች ከዚህ ረድፍ ነቀልን፤ በዓመቱ ረድፉ አልነበረም።» አራተኛውን ተከለች። አምስተኛው ላይ ቆየች። «ይኼ የሱ የመጨረሻው ነው። ቆሞ መምታት አቅቶት ተቀምጦ ነው የቸከለው። እኔ ደግሞ ልብሱ አፈር ነካ ብዬ ተቆጣሁት።»

ባለሙያዋ ከድንጋዩ ተነስታ መጥታለች። ስድስተኛው፣ ጠማማው፣ ሲተከል አጠገቧ ተንበረከከች። አንዱን ችካል መልሳ መዘዘችና አገላበጠችው። መሬት ውስጥ የነበረው ጫፉ ጠቁሮ በስብሷል፤ ላዩ ደግሞ ፀሐይና ዝናብ አመድ አስመስሎታል፤ መሀሉ ላይ የአፈሩ ልክ ቀለበት ሠርቷል። የመጀመሪያው በጣም የበሰበሰ፣ የመጨረሻው ገና እንጨት እንጨት የሚሸት። ጣቷን ጉድጓዱ ውስጥ ከትታ ግድግዳውን ዳበሰችው፤ ደርቆ ጠንክሯል፤ የትናንት ጉድጓድ አይደለም።

«ይኼን ሰው በአንድ ሳምንት ሊሠራው አይችልም» አለች፤ ለማንም አይደለም የተናገረችው። ሜትሯን ዘረጋች። «እማማ፣ ያዙልኝ።»

ከችካል ችካል እየለኩ ወጡ። ባለሙያዋ እየጻፈች፣ እትዬ መጥረጊያ እየተረከች፣ ቁጥሩ እያደገ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ባለሙያዋ «የሚቀጥለው ቢኖር የት ይሆን ነበር?» አለች። ቅጹ ላይ ቦረቦሩ ከርሞ የት ይደርሳል የሚል ጥያቄ አለ፤ በየቤቱ ትጠይቀዋለች።

እትዬ መጥረጊያ ሰባት እርምጃ ሄደች። ስትቆም ግንባሯ ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች።

«ከዚህ ወዲያ አልጋዬ ነው» አለች።

ባለሙያዋ የቅድሙን ወረቀት ከሰሌዳው ላይ መዝዛ አጥፋ ኪሷ ከተተችና አዲስ አወጣች። አናጢውም ሳይጠራ አጥሩን ዘሎ ገባ። አፈሩን ገፈፉ፤ ገለባውን አነሱ፤ በሮቹን እየጎተቱ አወጧቸው። «ሦስተኛ ለ» የሚል የተጻፈበት በር መጀመሪያ ወጣ። ከሥሩ ቦረቦሩ ነጠላ ጫማውን ጭምር ይዞ እንደነበረው አለ። ባለሙያዋ ካሜራዋን ስታነሳ እትዬ መጥረጊያ ዳሩ ላይ የተበተነውን አፈር አይታ እጇ ሳታዘው መጥረጊያዋን አንስቷል።

«እማማ፣ እባክዎ። እንዳለ።»

መጥረጊያውን ለአናጢው ሰጠችው። ፀጉሯ ላይ ገለባ፣ የክት ቀሚሷ ላይ ጭቃ፣ ቦረቦሩ ዳር ቆማ ፎቶ ተነሳች። አናጢው ሰላሳ ዓመት ጎረቤቷ ሆኖ እንዲህ ሆና ሲያያት የመጀመሪያው ነው፤ አልቀለደባትም።

ባለሙያዋ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆማ ግቢውን ደግማ አየችው። የምትለውን እየፈለገች እንደሆነ ያስታውቃል። «አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቀየሙኝ። ይኼ ግቢ እንደ ሳህን ነው። አንድ ሳር የለበትም። የጣራው ውሃ፣ የመንገዱ ውሃ፣ ሁሉም በዚህ ላይ ተንሸራቶ በአንዴ ነው ማሳው የሚደርሰው።»

እትዬ መጥረጊያ ገባት። «ታዲያ መሬቴን የበላሁት እኔ ነኝ?»

«የበላውስ ጎርፉ ነው» አለች ልጅቷ። በዝግታ፣ «መጥረጊያው መንገዱን አመቻቸለት እንጂ» አለች።

ያን ቀን እትዬ መጥረጊያ አላለቀሰችም። በሳምንቱ ነው ያለቀሰችው፤ ጠዋት መጥረጊያዋን ይዛ ወጥታ፣ መሀል ግቢ ቆማ፣ የልጅቷ ቃል ትዝ ብሏት መጥረግ ሲያቅታት። አናጢው ከአጥሩ ማዶ አያትና አንተ ስም አውጪ፣ አሁን ደግሞ ማን ትላታለህ ብሎ ራሱን ጠየቀ። እሱም ጨነቀው።

ደብዳቤው በሁለት ወሩ መጣ። ከአሥሩ ሦስተኛ ናት። ድንጋይ መጣ፣ የሽቦ ቅርጫት መጣ፣ የሚከትሩ ሰዎች መጡ፤ ከታች እስከ ላይ አምስት ቦታ ከተሩት፤ በዳርና ዳሩ ችግኝ፣ በግቢው ሳር ተተከለ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ዘንቦ የማያውቅ ይመስል ዘነበ። እሷ ግድግዳው ሥር አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች።

ዝናቡ ሲያበቃ ችካል ጠረበች፤ አሥረኛው ነው። ብረቱን አጋለች፤ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። መዶሻዋን ይዛ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የደረሰውን ሳር እየረገጠች ወረደችና የቦረቦሩን ጫፍ ፈለገች። ካለፈው ዓመት ችካል አንጻር ቆማ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። ጫፉ እዚያው ነው። ከክትሩ ኋላ ጎርፉ ያመጣው ደለል ተኝቶ ሳር እያበቀለ ነው። ደግማ በእርምጃ ለመለካት እግሯን አነሳች፤ የምትለካው ነገር የለም።

ከዘጠነኛው ጎን፣ ጎኑ ጎኑን እየነካ፣ አሥረኛውን ቸከለችው። ከዚያ ቀሚሷን ሳትሰበስብ አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ ባሏ የመጨረሻውን ሲመታ እንደተቀመጠው።

«ይኸው» አለችው። «ዘንድሮ አልወሰደብንም።»